አንኮበር ከኮረብታው ላይና ከገበያው ውስጥ

ስለ አገር ጉብኝት ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ከሚነገረው አብዛኛው ስለ ሆቴል፣ ስለ መንገድና ስለ ገቢ ነው። ጎብኚው ወደ አንድ ሥፍራ ከመምጣቱ በፊት ስለ ሥፍራው ያነበበው ነገር ግን ራሱ እንደ ጽሑፍ ሲመረመር ብዙ ጊዜ አይታይም። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን መንገደኛ የሚቆመው ቁም በተባለበት፣ የሚያልፈውም ምንም ባልተጻፈበት ሥፍራ ስለ ሆነ፣ የመንገድ መጽሐፍ ዝምታ የአንዲትን ትንሽ ከተማ እንጀራ የሚነካ ነገር ነው። የዚህ ሐተታ ዓላማ ይህን በሰሜን ሸዋ በአንኮበርና ከእርሷ በታች ባለችው በአልዩ አምባ ምሳሌነት ማሳየት ነው። የምመረምራቸው ሁለት የቆዩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትና በዘመናችን ለጎብኚ የሚዘጋጁ አጫጭር መግለጫዎች ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

አንኮበርን በመጀመሪያ ያወቅኋት በእግሬ ሄጄ ሳይሆን በመጽሐፍ ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ከካፒቴን ሐሪስ መጽሐፍ ጥቂት ገጾች ሰጥቶን ወደ አማርኛ እንድንመልስ አዘዘን። ቋንቋው ከባድ ነበር፤ ግሡን ፈልገን እስክናገኝ ድረስ የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋብን ነበር። ከዚያ የቀረልኝ ሥዕል ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ይኸውም ሾጣጣ ኮረብታ፣ በጎኑ የተሰቀሉ የሣር ክዳን ቤቶች፣ በጫፉም በአጥር ላይ አጥር የተደረበበት የንጉሥ ግቢ ነው። ከዓመታት በኋላ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተሳፍሬ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጎረቤላ ስወርድ ዓይኔ የፈለገው ያንኑ ኮረብታ ነበር። ጎረቤላ የዛሬው የአንኮበር ወረዳ ሕዝብ የሚገበያይባትና ጉዳዩን የሚፈጽምባት ከተማ ናት። እኔ ግን ሰው ወደሚኖርበት ጀርባዬን ሰጥቼ ሰው ወደማይኖርበት ሽቅብ ወጣሁ። ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁትም ነበር።

ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ በቦምቤይ የመሐንዲሶች ጦር መኰንን ነበር። በ1841 ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ወደ ገዙት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመልእክተኛነት ተላከ። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በሐምሌ ወር ሸዋ ደረሰ። ኅዳር 16 ቀን 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከእርሱ ጋር የተፈጥሮ ሳይንስ ዐዋቂው ሮትና ሠዓሊው በርናትስ ነበሩ። የጉዞውን ታሪክ በ1844 ለንደን ላይ በሦስት ቅጽ አሳተመ።

ይህን መጽሐፍ በአንድ ቃል መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዐት፣ ስለ ግብርና ስለ ዘመቻ፣ ስለ መንገዱና ስለ ንግዱ ያቀረበው ዝርዝር ዛሬም የሸዋን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ሁሉ ያስፈልጋል። ጉድለቱ ከአቋቋሙ ነው። ሐሪስ ሁልጊዜ ከላይ ይቆማል። የንጉሥ እንግዳ ስለ ነበር ምግቡ የሚመጣለት ከግቢ ነው፤ ማረፊያውም በንጉሥ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሕዝቡ በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየው እንደ ሥዕል ዳር ነው፤ ሰልፍ ሲሆን ይሰለፋል፣ ገበያ ሲሆን ይጮኻል፣ ዝናብ ሲሆን ይበሰብሳል። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ለማወቅ የፈለገ አንባቢ ብዙ ገጽ ገልጦ ጥቂት ያገኛል።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ አልዩ አምባ ናት። አልዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ ቁልቁል፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ጎን ያለች የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት በፋሬ የድንበር ኬላ አልፎ ወደ እርሷ ይወጣል። በገበያዋ ደገኛው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሬው ይገናኛሉ፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጥጥና ሸማ ይለዋወጣሉ። በጎ በጎውን ብቻ ላለመናገር፣ በአቅራቢያዋ በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር መጨመር ይገባል። ሐሪስ ወደ ንጉሡ እንዲወጣ እስኪፈቀድለት ድረስ በዚህች ከተማ ቈየ። የእነዚያ ቀናት ታሪክ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የመሰልቸት ታሪክ ነው። የአገሩ ንግድ ሁሉ በደጁ ሲያልፍ እርሱ የሚጠብቀው ከላይ የሚመጣውን ፈቃድ ነበር።

በሚከተለው ዓመት፣ በ1842፣ ሌላ እንግሊዛዊ በዚያው መንገድ መጣ። ቻርልስ ጆንስተን የመርከብ ሐኪም ነበር። የንጉሥ መልእክተኛ አይደለም፤ ከሐሪስ ጓዶች ጋርም አልተስማማም። ሕመም ስለ ጸናበት በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ። የእርሱም መጽሐፍ በዚያው በ1844 ለንደን ላይ በሁለት ቅጽ ታተመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ አንድ አገር የተጻፉ መሆናቸውን እስኪጠራጠር ድረስ ልዩነታቸው ይደንቀዋል። ጆንስተን የሚጽፈው ስለ ቤት አከራይና ስለ ጎረቤት፣ ስለ ገበያና ስለ አሞሌ ዋጋ፣ ስለ እህል መፍጨትና ስለ መጠጥ አጠማመቅ፣ ስለ ጥጥ ፈትልና ስለ ሸማኔ ነው። ለሐሪስ የመሰልቸት ሥፍራ የነበረችው ከተማ ለጆንስተን የትምህርት ሥፍራ ሆነች።

አንባቢ ጆንስተንን ከሐሪስ የተሻለ ሰው አድርጌ የማቀርብ እንዳይመስለው እለምናለሁ። ጆንስተን ነገረኛ ነው፤ ቂሙን በመጽሐፉ ይዘረግፋል፤ በዘመኑ የነበረው የአውሮጳዊ ንቀትም ከእርሱ አልራቀም። የልዩነቱ ምክንያት የጠባይ ሳይሆን የኑሮ ነው። ሐሪስ ከግቢ ይበላ ነበር፤ ጆንስተን ከገበያ ይገዛ ነበር። ከገበያ የሚገዛ ሰው የሻጩን ፊት ማየት፣ ዋጋ መጠየቅ፣ መከራከር፣ ነገ ደግሞ ተመልሶ መምጣት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ የማገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መንገደኛ የሚያየው ያበላውን ነው። በበኩሌ የዚህ ሐተታ ዋና ነገር ይህ ነው፤ የሚቀጥለውም ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

አሁን ከነዚያ መጻሕፍት ወደ ዘመናችን ለመሻገር አንድ ድልድይ ያስፈልገናል፤ እርሱም የመንገዱ ታሪክ ነው። ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ ወጥተው ሸዋን ከያዙ በኋላ አንኮበር ዋና መቀመጫቸው ነበረች። በ1876 ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልኡካን በአቅራቢያዋ በልጥ ማረፊያ ቦታ ሰጡ፤ የልኡካኑ መሪ አንቲኖሪም በ1882 እዚያው ሞተ። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1886 ወደ ተቈረቈረችው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራ ቅፍለት ቀረ። በ1930ዎቹ ጣሊያን ወደ ደሴ የሠራው አውራ ጎዳና ደግሞ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር ዋሻ ሲያልፍ አንኮበርን ወደ ጎን ተዋት። እንግዲህ ከአንኮበርና ከአልዩ አምባ የሄደው ንጉሡ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱም ሄደ። አንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ንጉሥ መኖር ትችላለች፤ ያለ አላፊ አግዳሚ መኖር ግን ይቸግራታል።

የአገር ጉብኝት በዚህ ዓይን ሲታይ አዲስ ቅፍለት ነው። የሚጠየቀውም ጥያቄ ይህ አዲስ ቅፍለት የት ይራገፋል የሚለው ነው።

በዘመናችን ስለ አንኮበር ለጎብኚ የሚጻፉትን መግለጫዎች ለንጽጽር ሰብስቤ አንብቤአለሁ። በአገር ልጅ የተጻፉም፣ በውጭ አገር ሰው የተጻፉም አሉ። ነገረ ሥራቸው እጅግ ይመሳሰላል። በመጀመሪያ የምኒልክ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ይነሣል። ቀጥሎ በዚያው ኮረብታ ላይ በቀድሞው ግቢ አምሳል የተሠራው ሎጅና ከእርሱ ላይ ሆኖ የሚታየው የቆላው ገደል ይመሰገናል። ከዚያ የወፍ ዋሻ ደን፣ ጭላዳ ዝንጀሮና በ1979 ለሳይንስ የታወቀችው፣ የከተማይቱን ስም ይዛ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ የገባችው የአንኮበር ሴሪን ይዘረዘራሉ። በመጨረሻም ርቀትና ከፍታ ተጽፎ ያበቃል። ጎረቤላ ብትጠራ መኪና የሚታጠፍባት ሥፍራ ሆና ነው። አልዩ አምባ በብዙዎቹ የለችም።

ይህ የሐሪስ ዓይን ነው። ጸሐፊዎቹ ሐሪስን አንብበውት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኮረብታው፣ ግቢውና ገደሉ በእርሱ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ሕዝቡም በእርሱ መጠን ይታያል። ጉዳቱንም በወፍ ፈላጊዎቹ መንገድ ማየት ይቻላል። እነዚህ ሰዎች ጨዋ ጎብኚዎች ናቸው፤ ማልደው ይነሣሉ፣ በጸጥታ ይሄዳሉ፣ ምንም አያበላሹም። በደብረ ብርሃን ወይም በኮረብታው ላይ አድረው ሴሪንዋን በገደሉ አፋፍ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነውን ዘመድዋን ለማየት በአልዩ አምባ በኩል ቁልቁል ወደ መልካ ጀብዱ ይወርዳሉ። የዱሮው የቅፍለት መንገድ መሆኑ ነው። ግን ምሳቸው በመኪናቸው ነው፤ ውኃቸውም በመኪናቸው ነው። መጽሐፋቸው ስለ ወፏ አራት መስመር ሲጽፍ ወፏ ስላለፈችባት ከተማ አንድ መስመር አልጻፈላቸውም። ባልተነገራቸው ነገር አንወቅሳቸውም።

በጎረቤላ አንዲት ሻይና አምባሻ የሚሸጡ እናት ዘንድ ተቀምጬ፣ «እማማ፣ የውጭ እንግዶች እዚህ ይቆማሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ልጄ» አሉኝ፣ «በመኪና ይመጣሉ፣ በመኪና ይሄዳሉ፤ እኔ የማውቀው አቧራቸውን ነው።» ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበረባቸውም። የሻይ ብርጭቆውን እያጠቡ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ፣ ከላይ የሚመጣ ነገር አድርገው ነገሩኝ። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። አምባሻቸው ትኩስ ነበረ፤ ዋጋውም ከማንም መንገደኛ ዐቅም በላይ አልነበረም። የጎደለው በአንድ ወረቀት ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው የማልዲቭ አገር ትንንሽ ደሴቶችን ያቀፈች ናት። የመጀመሪያው የጎብኚ መዝናኛ በ1972 ሲከፈት ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ተሠራ፤ ይህም ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ሥርዐት ሆኖ ኖረ። ጎብኚው ለብቻው ደሴት፣ ዓሣ አጥማጁ ለብቻው ደሴት። ከአውሮጳ ድረስ የመጣ ሰው ከማልዲቭ ሕዝብ ጋር በአገልጋይና በተገልጋይነት ካልሆነ ሳይገናኝ መመለስ ይችል ነበር። በ2009 ገደማ ሕጉ ላልቶ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ሲፈቀድ እንደ ማፉሺ ያሉ መንደሮች እንግዳ መቀበል ጀመሩ። ይህም የራሱን ችግር አላጣም፤ የቦታ መጣበብና የልማድ መጋጨት ተከትሎታል። ነገር ግን ከእንግዳው ገንዘብ ለመንደሩ የሚደርሰው ድርሻ ሊገኝ የሚችለው እንግዳው መንደር ሲገባ መሆኑ ታየ። የእኛ ኮረብታ ውኃ አልከበበውም። ሆኖም ጎብኚውን አውጥቶ የሚያወርደው መኪና በጎረቤላ ካልቆመ፣ ኮረብታው ከማልዲቭ ደሴት በምን ይለያል?

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ጎብኚ የሚመጣው ለግቢውና ለገደሉ እንጂ ለአምባሻ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው። የንጉሡ ታሪክ ይጥፋ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ግቢው ራሱ ያለ ገበያው አይገባም። የሣህለ ሥላሴ ኀይል አንዱ ምንጭ በአልዩ አምባና በፋሬ የሚያልፈው ንግድና ቀረጡ ነበር። ኮረብታውን ያለ ገበያው የሚያሳይ መግለጫ ታሪኩን ከሥሩ ቈርጦ ግንዱን ያሳያል። ስለዚህ የምጠይቀው ለድኾች ምጽዋት አይደለም፤ የታሪኩን መሙላት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ በኮረብታው ላይ ያለው ሎጅ የአካባቢ ልጆችን ይቀጥራል፣ ከገበያም ይገዛል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ደመወዝ አንድ ነገር ነው፤ ንግድ ሌላ ነገር ነው። የሚቀጠረው ሰው ከአንድ በር ይቀበላል፤ የሚነግደው ሰው ለብዙ በር ይሸጣል። በአካባቢው የሸማ ሥራ የሚያውቁ አርጎቦች አሉ፤ ከመንዝ የሱፍ በርኖስና ባና የሚያመጡ አሉ፤ የዱሮውን የእግር መንገድ ቋጥኝ በቋጥኝ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነዚህን ሁሉ አንድ ሎጅ ቀጥሮ አይጨርሳቸውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ከ2020 ጀምሮ በሽታው፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጎብኚውን መንገድ ደጋግመው ዘግተውታል። ደብረ ብርሃን ከጎብኚ ይልቅ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖችን ስታስተናግድ ኖራለች። ታዲያ በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ጎብኚ መግለጫ መጻፍ ቅብጠት አይሆንም ወይ? ይህን ጥያቄ ለራሴም አቅርቤዋለሁ። መልሴ፣ እንዲያውም ሐተታው የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው የሚል ነው። ለገደል እይታ ብቻ የተዘጋጀ ሥፍራ መንገድ ሲዘጋ ባዶ ይቀራል። ገበያ ግን ጎብኚ ባይመጣም ለጎረቤት ይሸጣል፤ ሸማኔው ለሠርግ ይሸምናል፤ ሻይ ቤቷ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ትቀዳለች። እንግዳ በገበያው ውስጥ ሲያልፍ ተጨማሪ ገዢ ይሆናል፤ ሲቀርም ከተማይቱ አትሞትም። ሰላም ሲመለስ መግለጫዎቹ እንደገና ይታተማሉ። ያን ጊዜ የዱሮውን ገጽ እንደገና ከመቅዳት በፊት የሚያስብ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

እስከዚህ የወቀስሁት ሌሎችን ነው። ነገር ግን የከፋው ጥፋት የእኛ የተማሪዎቹ ነው። የውጭ አገር ሰው የሚጽፈው ያየውን ነው፤ የምናሳየው እኛ ነን። ስለ ትውልድ ሥፍራችሁ ጻፉ ሲባል አብዛኞቻችን ከንጉሥና ከገዳም እንጀምራለን፤ ስለ ገበያ ቀን መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ አይመስለንም። እኔም ያን ቀን ከኮረብታው ስወርድ በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍሁት ስለ ግንቡ ፍርስራሽና ስለ ጭጋጉ ነበር። አምባሻውን የጻፍሁት በሌላ ጉዞ ነው፤ እርሱም ስለ ራበኝ ነው። ከጆንስተን የተማርሁትን ከጆንስተን በፊት ረኀብ አስተምሮኝ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ የተጻፈ መግለጫ በቀረበልን ጊዜ አራት ጥያቄዎችን ብንጠይቀው ይበቃናል። የገበያው ቀን መቼ እንደ ሆነ ይናገራልን? እዚያ የሚሠራ፣ የሚሸመን ወይም የሚጋገር አንድ ነገር እንኳ ይጠቅሳልን? በእግር የሚያልፍ ሰው የት ማረፍና መብላት እንደሚችል ያመለክታልን? በዛሬ ጊዜ የሚኖር አንድ ነዋሪ በውስጡ ይታያልን? ለአራቱም መልሱ የለም ከሆነ፣ ጽሑፉ ቋንቋው ያማረ ቢሆንም ከሐሪስ ወዲህ አንድ እርምጃ አልሄደም ማለት ነው።

የአንኮበርን ስም አንኮ ከምትባል የኦሮሞ ሴት ጋር የሚያያይዘው ትውፊት የታወቀ ነው፤ የአንኮ በር ማለት ነው። ስሟን የሰጧት ሰዎች የንጉሥ ዙፋንንም የገደል እይታንም አልመረጡም፤ በር አሏት። በር ደግሞ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሲያልፍም ሰላምታ የሚሰጥበት ሥፍራ ነው። ጎብኚውን በዚህ በር በኩል የሚያስገባ መግለጫ ለመጻፍ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከጎረቤላ መናኸሪያ ወርዶ፣ ወደ ኮረብታው ከመውጣት በፊት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ ያህል መቀመጥ ይበቃል።